ቤተሰብ ይዞ ወደ አፋር አሸዋ መውረድ፦ ከደሴ ተነስቶ በተሳቢ የሚደረግ የካምፕ ጉዞ

ዛሬ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ ያመሸ ሰው ከነገ ወዲያ ማታ አፍዴራ ላይ በካናቴራ ውጭ ይተኛል። በመሀሉ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ወርዷል። መኪናውም፣ ጎማውም፣ የልጆቹ ሰውነትም አብሮ ነው የሚወርደው። ስለዚህ እንደ ሐይቅ ዳር ሽርሽር ምሳ ቋጥሮ መነሳት አይበቃም።

ይህን የጻፍኩት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ ወይም ከወልድያ ተነስተው፣ ልጆች ይዘው፣ የአፋርን አሸዋ አይተው ለመመለስ ለሚያስቡ ነው። ተሳቢ ስል የከባድ መኪናውን አይደለም። ብየዳ ቤት የሚሠራውን፣ ከላንድ ክሩዘር ወይም ከፒክአፕ ኋላ የሚታሰረውን ባለ ሁለት ጎማ ትንሹን ነው። አልጋና ወጥ ቤት የተገጠመለት ተሳቢ እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም፤ ባይገኝም አያጎድልም። ውሃ፣ ድንኳን፣ ፍራሽና ምግብ ከያዘ ሥራውን ሠርቷል።

ጉዞውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የያዛችሁት ውሃና ጎማችሁ ውስጥ ያለው ንፋስ። ውሃው ይብዛ፣ ንፋሱ ይቀነስ። ብዙ ሰው ግን የሚጨነቀው ስለ ስፒከርና ስለ ድንኳን ቀለም ነው።

1. ወሩን ምረጡ፣ ቦታውን ለዩ

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ግን ይቻላል። ሌሊቱ ደስ ይላል። የካቲት ለትልልቅ ሰው ይሆናል፣ ለሕፃን ግን ይከብዳል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ልጅ ይዞ እዚያ ማደር አይታሰብም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በክረምት ደግሞ ከእኛው ደጋ የሚወርደው ጎርፍ አለ።

አፋር በረሃ ሲባል ብዙ ሰው ሁሉም አሸዋ ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ጠጠርና ጨው ነው። ነፋስ የከመረው አሸዋ የሚገኘው እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ነው። ከወሎ ለሚነሳ ሰው መንገዱ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ አልፎ ሰርዶ ላይ ከጅቡቲው መንገድ ይገነጠልና ወደ አፍዴራ ይሄዳል። ከአፍዴራ ወደ ኤርታሌ አቅጣጫ ሲኬድ ጥቁሩ ድንጋይ በየመሀሉ ለአሸዋ ቦታ ይለቃል። አልፎ አልፎም ዘንባባ ይታያል።

በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወርድ ቤተሰብ ከአፍዴራ ብዙ ባይርቅ ይሻላል። ኤርታሌን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ልጅ የሚፈልገው የሚንሸራተትበት አሸዋ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ስለ እሳተ ገሞራው ጠይቁ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አፍዴራ አካባቢ አመድ ለብሶ ነበር። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ይህ ዋዛ አይደለም።

ቀኑን እንዲህ ብትከፍሉት ጥሩ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ሰመራ ወይም ሎግያ ገብታችሁ ሆቴል እደሩ። በሁለተኛው ቀን አሸዋው ጋ ድረሱ። ሁለት ሌሊት እዚያ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ከደሴ በአንድ ቀን አሸዋው ድረስ ልሂድ ያለ ሰው በጨለማ ድንኳን ይተክላል፤ ልጆቹም እያለቀሱ ይተኛሉ።

2. ከካርታ በፊት ሰው

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። የት ዝናብ ጣለ፣ የቱ መንገድ ተቆረጠ፣ ማን ወዴት አለፈ። ወሬው ተጣርቶ ነው የሚተላለፈው። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ይዋረዳል። እናንተም መስታወት ዝቅ አድርጋችሁ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ አትለፉ። ከመኪና ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የእናንተ ወሬ ከእናንተ ቀድሞ ይሄዳል፤ አሸዋ ውስጥ ብትቀሩ የሚፈልጋችሁ ሰው የሚነሳው በዚያ ወሬ ነው።

የፈቃድና የአጃቢ ጉዳይ ሰመራ ላይ ይጠየቃል። የክልሉ ቢሮዎች እዚያ ናቸውና በሥራ ቀን ድረሱ። የጸጥታው ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ዘመድ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። አፍዴራ ስትደርሱ የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ ያዙ። የቀኑን ሒሳብ፣ ስንት ቀን እንደሆነና ምግቡ በማን እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ሽማግሌ ባለበት ጨርሱ። መሪ ሳይዙ «ጎግል ይመራኛል» ብሎ አሸዋ መግባት እብደት ነው። ኔትወርኩም ይጠፋል።

የተቀረው እኛም የምናውቀው ነው። የውሃ ጉድጓድ የከብትና የሰው ነውና አጠገቡ ሳሙና አይነካ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ። መጠጥ ይዛችሁ አትታዩ። ሴቶችም ወንዶችም ሸፈን ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ለፀሐዩም እሱ ነው የሚበጀው።

3. ሁለት መኪና፣ አንድ ተሳቢ

በአንድ መኪና አትሂዱ። ይህ የማይደራደሩበት ነው። አንድ ጎረቤት ወይም የአክስት ልጅ ጨምሩና ሁለት መኪና ሁኑ። ሁለቱም በአራት ጎማ የሚነዱ ይሁኑ። ተሳቢው ግን አንድ ይበቃል።

ተሳቢው የራሱ ሰሌዳና የራሱ ወረቀት ያስፈልገዋል። የፍሬን መብራቱና የመታጠፊያ መብራቱ ከመኪናው ጋር አብሮ መሥራቱን ሰው ከኋላ አቁማችሁ እዩ። ከዚያ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት። የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔታው ሄዷል። ቅባት ብቻ ለውጦ መሄድ ሳይሆን መቀየር ነው። አንድ ተጨማሪ ኩሽኔታም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ የዚያ ዓይነት መጠን አፍዴራ ላይ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የተሳቢው ቸርኬ ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ያኔ የሁለቱም ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ለሁለቱም ይሆናል።

ጭነቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከባዱ ነገር ከታች፣ ከአክስሉ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያጋደለ ይሁን። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው የመኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ተሳቢው ከነጭነቱ 800 ኪሎ ከሆነ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ማለት ነው። የተሳቢውን አንገት አንድ ሰው በአንድ እጁ ብድግ ካደረገው ጭነቱ ወደ ኋላ ሄዷል። እንዲህ ያለ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ጭራውን መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ፣ ከአክስሉ በላይ ይጫን። ፍራሹና ድንኳኑ ከኋላና ከላይ። በወፍራም ሸራ ሸፍኑና በገመድ አጥብቁ።

መኪናው ላይ የሚያዙትን ባጭሩ፦ ሁለት አካፋ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ለክሪኩ መቆሚያ የሚሆን ሰፊ ጣውላ፣ አራት ጠንካራ ላሜራ ወይም ረጅም ጣውላ፣ ጥሩ የመጎተቻ ገመድ፣ የአየር ማጣሪያ ፊልትሮ፣ ለራዲያተር የሚሆን ውሃ። ክሪክ ያለ ጣውላ አሸዋ ላይ ዋጋ የለውም። መኪናው አይነሳም፤ ክሪኩ ነው የሚሰምጠው።

ናፍጣ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ። አሸዋ ላይ የሚፈጀው ከአስፋልቱ እጅግ ይበልጣል። ማደያዎች ብዙ ጊዜ በጄሪካን ስለማይቀዱ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የናፍጣው ጄሪካን ከውሃው በቀለም ይለይ። በማታ፣ በችኮላ፣ ልጅ ውሃ ሲጠይቅ መሳሳት ቀላል ነው።

4. ውሃና ምግብ

ሒሳቡ ይኸው። አንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 6 ሊትር ያዙለት። ለማብሰያና ለመታጠቢያ 4 ጨምሩ። መሪውን ጨምሮ ሰባት ሰው ከሆናችሁ ለሦስት ቀን 210 ሊትር ይመጣል። በዚያ ላይ ለክፉ ቀን ሲሶ ጨምሩ። 280 ሊትር፤ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን 14 ማለት ነው። በርሜል አትያዙ። በርሜል ቢቀደድ ሁሉም ይፈሳል፣ አንድ ጄሪካን ቢቀደድ ግን አሥራ ሦስቱ አሉ። ጥቂቶቹን በሁለተኛው መኪና ጫኑ። ተሳቢው ወደ ኋላ ቢቀርስ?

ውሃውን ልጆቹ እስኪጠማቸው አትጠብቁ። በየሰዓቱ ስጧቸው። ሽንቱ ጠቆር ያለ ልጅ ውሃ አንሶታል። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ከፋርማሲ ያዙ። ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ።

እንጀራ ሁለት ጠላት አለበት። ውጭ ካቆያችሁት ነፋሱ ወዲያው ያደርቀዋል። በላስቲክ ካሰራችሁት ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ያሻግተዋል። ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ያዙ። ከዚያ በኋላ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ መኮሮኒ። ድርቆሽ ፍርፍር በረሃ ላይ ከምንም ይበልጣል። ወሎ ነውና ከሁለቱ ቤተሰብ አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን ቢሆን አይገርምም። እዚያ ሥጋ ለይቶ፣ ድስት ለይቶ ማብሰል ጣጣ ነው። ሽሮና ምስር አድርጉት፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ መሪያችሁም አብሮ ይቀርባል።

ከሰልና የከሰል ምድጃ ከቤት ይሂድ። እዚያ ያለውን ጥቂት ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። ጀበናውን መተው የሚፈልግ እናት እንደማይኖር አውቃለሁ። ይሂድ። ከነረከቦቱ ግን አይደለም።

5. ከሐረጎ እስከ ሚሌ

ከደሴ በማለዳ ውጡ። የመጀመሪያው ፈተና ከከተማው እንደወጣችሁ የሚጠብቃችሁ ሐረጎ ነው። ጉም ካለ አትቸኩሉ። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን እየነካኩ በነጻ መውረድ ተሳቢ ላለው ሰው አደገኛ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አይዝም። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ቁሙና የተሳቢውን ጎማ እምብርት በእጅ ጀርባ ነካ አድርጉ። ለብ ማለቱ ደግ ነው። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን ጎሚስታ ሳይሆን መካኒክ ፈልጉ።

ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሰኞ ገበያዋ ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ተሳቢ ይዞ ማለፍ ያስጨንቃል። ወይ ገበያውን ለማየት ብላችሁ ግማሽ ቀን መድቡለት፣ ወይ እሑድ እለፉ። ባቲን ገበያ አድርጎ ያቆያት የደጋና የቆላ መገናኛነቷ ነው። አውሳ የወሎ ክፍለ ሀገር አውራጃ በነበረበት ዘመንም አፋሩ ወደዚህ ይወጣ ነበር፣ ዛሬም ይወጣል። ልጆቹ በረሃውን ከማየታቸው በፊት የበረሃውን ሰው እዚህ ቢያዩት ጥሩ ነው።

ከባቲ በታች ሙቀቱ ይጀምራል። የልጆች ጆሮ ይደፈናል። ማስቲካ ወይም ቆሎ ያኝኩ፤ ሕፃን ይጥባ። መንገዱ ላይ የጅቡቲ ጭነት የያዙ ከባዶችና ቦቴዎች አሉ። ጠርዙን ሰጥታችሁ አሳልፏቸው። ሉሲ በ1974 እ.ኤ.አ. የተገኘችበት ሐዳርም ከዚህ መንገድ ብዙ አይርቅም፤ ግን ተሳቢ ይዛችሁ አትገንጠሉ። ለልጆቹ በመስኮት አቅጣጫውን ማሳየት ይበቃል።

በማታ አትንዱ። ግመል መሀል አስፋልት ላይ ይተኛል፤ አስፋልቱ ሙቀት ስለሚይዝ ይወደዋል። ከብት ብትገጩ አትሽሹ። ቁሙ፣ ፖሊስ ይምጣ፣ በሽማግሌ ይታያል። ሚሌ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ። በተለይ ስትመለሱ ተሳቢውን አራግፉ ልትባሉ ትችላላችሁና ሰዓት ትርፍ ያዙ።

ከሚሌ በኋላ መኪና ለማቆም ከአስፋልት ስትወጡ ከመንገዱ ዳር ካለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ራቁ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ተክል ነው፤ አፋርን ወሮታል። እሾሁ ጎማ በስቶ ይገባል። ጥላ ነው ብሎ ሥሩ ያቆመ ሰው ጠዋት ሁለት ጎማ ሊጠፋው ይችላል።

6. አሸዋው ላይ

አሸዋው ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ጠጣር መሬት ላይ እያላችሁ ቁሙ። ንፋስ የሚቀነሰው እዚህ ነው። አስፋልት ላይ 35 ወይም 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት ቁጥር) የነበረውን ጎማ ወደ 20 አውርዱት። የተሳቢውንም እንደዚያው። የቫልቩን ክዳን ንቀሉና ልሳኑን በቁልፍ ጫፍ ጫን አድርጉ። ንፋሱ ፊሽ እያለ ይወጣል። ቶሎ አያልቅም፤ ልጆቹ መለኪያውን ይያዙ፣ ይቁጠሩ። እያያችሁት የጎማው ጎን ሆዱን ገፋ ያደርጋል። ትንሽ ነዳ አድርጋችሁ ውረዱና ዱካውን እዩ። ከቅድሙ ረዘም ብሏል። ሚስጥሩ እሱ ነው። ያው ክብደት በረዘመ ቦታ ላይ ስላረፈ ጎማው አይቆፍርም፣ ከላይ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጎማ ግን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፣ ስል መታጠፊያም አትታጠፉ። ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ማለዳ አሸዋው ቀዝቅዞ ጠንከር ይላል። እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ይላላል። ስለዚህ በማለዳ ግቡ። አራቱንም ጎማ አስገቡ፣ ማርሽ ዝቅ አድርጉ፣ ሳትነጥቁ እኩል ነዳጅ ስጡ። አሸዋ መሀል ማርሽ አትቀያይሩ። መቆም ካለባችሁ ፍሬን አትርገጡ፤ ነዳጁን ለቃችሁ መኪናው ራሱ ይቁም፣ አፍንጫውም ወደ ቁልቁለት ይሁን። ፍሬን ሲረገጥ ከጎማው ፊት አሸዋ ይከመራል፤ ሲነሱ ያ ክምር ግድግዳ ይሆናል።

ተሳቢውን አሸዋ ክምሩ ላይ ይዛችሁ አትውጡ። አሸዋው ጫፍ ላይ፣ ጠጣር መሬት ላይ አቁሙት፤ ካምፑም እዚያው ይሁን። ክምሩ በእግር ነው የሚወጣው። ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ዝግ ያለና ጠንከር ያለ ነው፣ ከወዲያኛው በኩል ግን ገደል ይመስላል። ጫፉ ላይ ቆሞ ወዲያ ማዶ ያለው አይታይም። መኪና ይዞ በፍጥነት ጫፉን መሻገር፣ ወይም ክምሩን በጎን አግድሞ መንዳት የሚያገላብጥ ሥራ ነው። ጎረምሶቹ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው።

7. ስትሰምጡ

መስመጥ አይቀርም። ጎማው መዞር ጀምሮ መኪናው ካልሄደ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ነዳጅ መስጠት ጉድጓድ መቆፈር ነው። ልጆቹን አውርዱና ጥላ ስጧቸው። ቀጥሎ፦

ተሳቢው ካለ ፍቱት። ከጎማዎቹ ፊትና ከዲፈረንሻሉ ሥር አሸዋውን በአካፋ ጥረጉ። ሆዱ አሸዋ ላይ የተኛ መኪና ጎማው ቢዞርም አይሄድም። ንፋሱን ወደ 15 ቀንሱ። ከዚያ በታች አትሂዱ። ላሜራውን ወይም ጣውላውን ከጎማው ሥር አስገቡ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ሞክሩ፤ የመጣችሁበት ዱካ ተረግጧልና ይሻላል። ብዙ ጊዜ በዚህ ይወጣል።

ካልወጣ ሁለተኛው መኪና ይጎትት። ገመዱን ተሳቢው በሚታሰርበት የመኪናው ኳስ ላይ አታስሩ። ኳሱ ተሰብሮ ቢወነጨፍ እንደ ጥይት ነው፤ ሰው ገድሏል። ከሻንሲው ጋር በተበየደው መንጠቆ ላይ እሰሩ፣ በገመዱ መሀል ከባድ ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። ሰንሰለት አትጠቀሙ።

መኪናው ፈጽሞ እምቢ ካለና እርዳታ ካልቀረበ ከመኪናው አትራቁ። ውሃው እዚያ ነው፣ ጥላው እዚያ ነው፣ ፈላጊም ከሩቅ የሚያየው መኪና ነው።

8. ማደሪያው

ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትስፈሩ። አሸዋው ንጹሕና ሜዳ ስለሆነ ያማልላል። ግን ለምሳሌ የሚሌ ወንዝ ከእኛው ከተሁለደሬ ደጋ ነው የሚነሳው። እዚያ ወንዝ ውስጥ በጠራ ሰማይ ሥር ብትተኙ፣ ደጋው ላይ ሱሉላ የጣለው ዝናብ ሌሊት ሊደርስባችሁ ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ተሳቢውን ነፋስ በሚመጣበት በኩል አግድሙት፣ ድንኳኑን ከኋላው ትከሉ፣ በሩ ነፋሱን ጀርባ ይስጥ።

የድንኳን ካስማ አሸዋ ላይ አይዝም። ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ውሰዱ። ግማሹን አሸዋ ሙሉት፣ አፉን እሰሩ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሙ፣ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ አግድማችሁ ቅበሩት። ላዩን በእግር ርገጡ። ይህን ነፋስ አይነቅለውም።

የከሰሉን ፍም አሸዋ ውስጥ አትቅበሩ። ይህን አደራ። ጠፋ ብላችሁ የቀበራችሁት ፍም ሰዓታት ሙሉ እንደጋለ ይቆያል፤ ላዩ ግን ምንም አይመስልም። በማግስቱ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። ምድጃው ውስጥ እንዳለ ውሃ አፍሱበትና አመዱን በቆርቆሮ ይዛችሁ ተመለሱ። ቆሻሻም እንደዚያው ተጭኖ ይመለሳል፤ ፌስታል የበላ ግመል ሊሞት ይችላል። ለመጸዳጃ ከካምፑ ራቅ ብሎ በአካፋ ይቆፈር፣ ይቀበር፣ ወረቀቱ ይቃጠል።

አጎበር አትርሱ። የወባ አገር ነው። ጠዋት ጫማ ከማድረግ በፊት ይራገፍ፣ ጊንጥ ሌሊት ይገባበታል። ማታ ያለ ባትሪ አንድ እርምጃ አይኬድ። እባብ የነደፈው ሰው ቢኖር አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አታንቁ። እጁን ወይም እግሩን ሳያንቀሳቅስ ይዛችሁ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ሩጡ። ሙቀት መትቶት ግራ የገባው፣ የሚቀባጥር ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለም እንዲሁ። እስከዚያው ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ አራግቡለት።

9. ልጆች

ሕጉ አንድ ይሁን፦ ድንኳኑ ከማይታይበት ቦታ አይሄድም። ክምር አሸዋ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አንዱን የዞረ ልጅ አቅጣጫው ይጠፋዋል። ተሳቢው ላይ ረጅም እንጨት አቁሙና ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ በአንገቱ ይንጠልጠል። ቢጠፋ መሮጥ ሳይሆን ባለበት ተቀምጦ መንፋት እንዳለበት ከቤት ጀምሮ አስጠኑት።

አሸዋ መቆፈር ይወዳሉ። እስከ ጉልበታቸው ይፈቀድ። ዋሻ መሥራት ግን አይፈቀድም። ደረቅ አሸዋ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል፤ ጭንቅላቱ ላይ የተናደበትን ልጅ ማውጣት ጊዜ አይሰጥም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር ይዋሉ። በዚያ ሰዓት አሸዋው እግር ያቃጥላል። ዓይናቸው ውስጥ አሸዋ ከገባ እንዳያሹት እጃቸውን ያዙና በንጹሕ ውሃ እጠቡ። አያት ካሉ ደግሞ ከልጆቹ እኩል ውሃ እንዲጠጡ ተከታተሏቸው። «አብሽር፣ እኔ አልጠማኝም» የሚሉት እሳቸው ናቸው፣ መጀመሪያ የሚደክሙትም እሳቸው ናቸው።

10. ስትመለሱ

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቁሙና ጎማውን ሁሉ መልሳችሁ ሙሉ፣ የተሳቢውንም። በጎደለ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ጎማውን ያግለዋል፣ ያፈነዳዋል። ሽቅብ ናችሁና ከባቲ ወደ ላይ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ተከታተሉ። ሐረጎ ላይ መለኪያው ከፍ ካለ ዳር ያዙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ አትክፈቱ።

ቤት ስትደርሱ የመኪናውንና የተሳቢውን ሆድ በብዙ ውሃ አሳጥቡ። የአፍዴራ ጨው ብረት ይበላል። የአየር ፊልትሮውን አውጡና አራግፉ፣ የተሳቢውን ኩሽኔታ ከፍታችሁ ቅባቱን ቀይሩ፣ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ድንኳኑ ከነአሸዋው አይታጠፍ፤ ዚፑን የሚገድለው እሱ ነው።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ከመሀላችሁ አንዱ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትዩት። የወባ ምልክት ከተነደፉ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ አፋር ወርዳችሁ እንደነበር መጀመሪያ ተናገሩ፣ ደም ይመርመሩላችሁ።